የሦስት ኪራይ ቤቶች ወግ

የእህቴ ልጅ የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ ይድረሰው አይድረሰው የምናይበት ቁጥር ያለው ቡሬ ነበር። ልጁ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ልጅ ነው፤ የተማረው ፍኖተ ሰላም፣ ፎርሙን የሞላውም እዚያው ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማትርቅ አንዲት ኢንተርኔት ቤት። በ2010 ዓ.ም ጥቅምት ወር መሆኑ ነው። የዚያን ዓመት ምዝገባ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፤ መጀመሪያ ሰሞን የሞላ ሁሉ በሲስተም ብልሽት ተሰርዞ እንደ አዲስ ሙሉ የተባለበት ነው። እሱም ደግሞ ሞላ። የማረጋገጫ ቁጥሩ የታተመባትን ብጣሽ ወረቀት ደብተሩ ውስጥ ከትቶ አገር ቤት ወሰዳት፤ በጋው ሳያልፍ እሳት ማያያዣ ሆነች። የዲቪ ውጤት ደግሞ በፖስታ አይመጣም። ባለጉዳዩ ራሱ ቁጥሩን፣ የቤተሰብ ስሙንና የተወለደበትን ዘመን አስገብቶ ነው የሚያየው። ፎርሙ የተሞላበት ኢሜይልም የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ እንጂ የእሱ አልነበረም። ግንቦት ላይ ውጤት ወጣ ሲባል ቢሄድ ቤቷ ተዘግታለች፤ ጎረቤት ቢጠይቅ «ልጁ ቡሬ ገብቷል» አሉት።

እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሲደውልልኝ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ በዳንግላ፣ በኮሶበርና በቲሊሊ አድርጌ ቡሬ ወረድኩ፤ እሱ በማንኩሳ በኩል መጣ። ቡሬ የመንገድ ከተማ ናት። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር አውራ ጎዳና መሃሏን ያቋርጣል፤ ዐባይን ተሻግሮ ነቀምት የሚገባው መንገድም ከእሷ ይገነጠላል። ስለዚህ ከጎጃምም ከወለጋም የሚመጣ ሰው ይተላለፍባታል፤ ሰውን በስሙ ሳይሆን በመጣበት አገር ነው የሚጠሩት። «ከፍኖተ ሰላም የመጣ፣ ኮምፒውተር የሚሠራ ልጅ» እያልን ከሱቅ ሱቅ ዞርን። ገበሬው በቆሎ ሊዘራ ዝናብ የሚጠብቅበት ጊዜ ነበርና መንገዱ ሁሉ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ወሬ ነው፤ የእኛን ጉዳይ የሚሰማ ጠፋ። ሊመሽ ሲል አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት «ፎቶኮፒ ቤት የከፈተው ይሆን?» ብላ በጣቷ አሳየችን።

ልጁ እኛን ሲያይ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ወፍራም ደብተር አወጣ። ፎርም የሞላላቸው የገጠር ተማሪዎች ስም በሙሉ ከነቁጥራቸው፣ ከነልደት ቀናቸው በእጅ ጽሑፍ ተደርድሯል። «ገጠር ወረቀት አይበረክትም፤ ለዚህ ብዬ ነው የምጽፈው» አለን። ማንም አላዘዘውም፤ ለዚያ ብሎ ያስከፈለውም ነገር የለም። ኔትዎርክ ስላልነበረ ሱቁን ሳይዘጋ አብሮን ጠበቀ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ገጹ ተከፈተ፤ የእህቴ ልጅ ስም ተመርጧል። ያ ወጣት ደብተሩን ባይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ አይኖርም ነበር። ስለ ኢንተርኔት ቤቶች ክፉ ሲወራ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ቁጥር ደብቀው ገንዘብ የጠየቁ እንዳሉም አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ደብተር በዓይኔ አይቻለሁ።

መመረጥ ቪዛ አይደለም። በዚያን ጊዜ በዓመት የሚሰጠው የዲቪ ቪዛ ሃምሳ ሺህ ገደማ ነበር፤ የሚመረጠው ሰው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ወረቀቱ ያልተሟላለት፣ ጊዜ ያለፈበት፣ ገንዘብ ያጠረው ይቀራል ተብሎ ነው። ዘመኑም የሚዘጋው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ነው። የእሱ መዝጊያ መስከረም 19 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን የዘገየ ወረቀት ዋጋ የለውም፤ ይግባኝ የሚባል ነገርም የለም። ይህን ለእህቴ ስነግራት «ወንድምዓለም፣ መስከረም እኮ ሩቅ ነው» አለችኝ። ከአንድ ዓመት በላይ ነበረን፤ ሩቅ አልነበረም።

የመጀመሪያው እንቅፋት የአያት ስም ሆነ። የልጁ አባት በልጅነቱ አባቱ ሞቶበት አጎቱ ነው ያሳደገው። ቀበሌ ያለው መዝገብ የወለደውን አያት ስም ይዟል፤ ትምህርት ቤት ያስመዘገበው ግን አሳዳጊው ራሱ ስለነበር ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ያለው ካርድ ሁሉ በአሳዳጊው ስም ነው። በአገራችን ይህ ምንም አይደለም፤ አሳዳጊም አባት ነው። ባዕድ አገር ለሚሄድ ወረቀት ግን አንድ ልጅ ሁለት ሰው ሆነ። አንድ መሥሪያ ቤት «ትምህርት ቤት አስተካክላችሁ ኑ» አለን፤ ትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት ከወጣ በኋላ ስም አልለውጥም አለ፤ ትክክሉም እሱ ነበር። ሌላ ቦታ ስንሄድ ያ የመጀመሪያው ይጽፍላችሁ አሉን። ከረሜላ እንደሚቀባበሉ ልጆች ደብዳቤውን ሲቀባበሉት ወር አለፈ። በመጨረሻ አንድ ራፖር ጸሐፊ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው የሚጽፉ ሽማግሌ፣ መንገዱን አሳዩን። ስም መለወጥ አያስፈልግም፤ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው ይረጋገጥልኝ ብሎ ለወረዳው ፍርድ ቤት ማመልከትና ምስክር ማቅረብ ይበቃል።

ምስክሮቹ የክርስትና አባቱ፣ የዕድሩ ዳኛና አንድ የአያቱ ባልንጀራ ነበሩ። ዶሮ ሳይጮህ ከቤታቸው ተነሥተው፣ የላህን ወንዝ ተሻግረው፣ ችሎት ከመሰየሙ በፊት ደጅ ላይ ደርሰው ቁጭ ብለዋል። ሽማግሌውን ዳኛዋ «እንዴት ያውቁታል?» ብለው ሲጠይቋቸው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና «የወለደውንም አያቱን እኔ ነኝ አፈር የመለስኩበት፤ ያሳደገውንም እኔ ነኝ የቀበርኩት፤ ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ልጁም የሁለቱ ነው» አሉ። ከዚያ በላይ የተጠየቁት ነገር አልነበረም። የውሳኔውን ግልባጭ ስንቀበል የነካኋት ማኅተም እስካሁን ትታወሰኛለች።

የልደት ቀኑ በአንጻሩ ቀላል ነበር። እህቴ «የሽግሽጉ ዓመት፣ በሐምሌ ሥላሴ ማግስት» ትላለች፤ ይህን የሚሰማ የጎጃም ሰው ሁሉ 1989 ዓ.ም መሆኑን ያውቃል። የዚያን ዓመት የመሬት ሽግሽግ ማን ይረሳዋል? ቀድሞ በደርግ ጊዜ ሊቀ መንበር ወይም ጸሐፊ የነበረ ገበሬ «ቢሮክራት» ተብሎ ከሌላው ያነሰ ማሳ የተቆረጠለት፣ ወንድማማች በገመድ ልክ የተቀያየመበት ዘመን ነው። የአገራችን የልደት ምዝገባ ሥርዓት በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም ክረምት ነው፤ አዋጁ 760 የወጣው ደግሞ በ2004 ዓ.ም። ስለዚህ የእሱ ዕድሜ ልጆች ሲወለዱ የሚጽፋቸው አልነበረም፤ የሚመዘገቡት አድገው፣ ወረቀት ሲጠየቁ ነው። ችግሩ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የጻፈው ማስረጃ ላይ ነበር፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት የሚጨመረውን ሁሉንም በሰባት ደምረውት ልጁ 1996 ተወለደ ተባለ። የልደት የምስክር ወረቀቱ በሁለቱም አቆጣጠር ሲወጣ ተስተካከለ፤ ፓስፖርቱም በእሱ መሠረት ተሠራ።

ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳየው ወረቀት የጣት አሻራ ይፈልጋል። ለዚህ አዲስ አበባ ወጣን። አሻራ የሚያነሡት ባለሙያ ጣቱን ደጋግመው ካስነኩት በኋላ እጁን ገልብጠው አዩትና «አራሽ ነህ?» አሉት። ነው። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ከብት የጠበቀ፣ ዕርፍ የጨበጠ፣ ሰኔ ላይ ጓል የከሰከሰ እጅ ነው፤ የጣቱ መስመር ተፍቋል። ሥራ ሳይነካ ለጥቂት ቀን ቅባት እየተቀባ እንዲመለስ መከሩት፤ ሲመለስ ወጣለት። ያን ቀን ምሳ ላይ እጁን ጠረጴዛ ሥር ደብቆ ነበር የበላው። ተቆጣሁት። የሚደበቅ እጅ አይደለም።

ገንዘቡስ? የቪዛው ክፍያ ብቻ 330 ዶላር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ከዘጠኝ ሺህ ብር በላይ። የጤና ምርመራው፣ ክትባቱ፣ ቲኬቱ፣ ከዚያም ግሪን ካርዱ እንዲታተም ያኔ ይከፈል የነበረው 220 ዶላር ለየብቻ ነበር። መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ስለሆነ ገበሬ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ በሬ መሸጥ፣ ወይም ማሳ በኮንትራት መስጠት። የእህቴ ባል በሬ ቢሸጥ ቀሪውን በሬ የሚያጣምደው የለውም። ስለዚህ በርበሬ የሚያበቅልባትን አንድ ቃዳ መሬት ለሦስት ዓመት አከራየ። ውሉ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ፊት፣ ምስክር ተቆጥሮ፣ የይዞታ ደብተሩ ታይቶ ነው የተጻፈው። በርበሬ የእነዚያ ቀበሌዎች ጥሬ ገንዘብ ነው፤ የቡሬና የፍኖተ ሰላም በርበሬ አዲስ አበባ ድረስ በስሙ ይጠራል። ያን ማሳ ለሦስት መኸር ከእጅ ማውጣት ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ደላላ ይህን ሁሉ ወጪ የሚሸፍን ሰው አለ ብሎ መጥቶብን ነበር። በምትኩ ልጁ የማያውቃትን ሴት በወረቀት ማግባት አለበት፤ እሷ በሚስትነት አብራው ትሄዳለች፣ ከዚያ ይለያያሉ። ብዙ የዲቪ ባለዕድል እንዲህ እንደሄደ አውቃለሁ፤ ድህነት ያስገደደውን ሰው ለመውቀስ ልቤ አይደፍርም። ነገሩ ግን ሁለቱንም እድሜ ልክ የሚያስፈራራ ሸክም ነው። ጥያቄው በአሜሪካ ኤምባሲ መስኮት ላይ ይጀምራል እንጂ እዚያ አያበቃም፤ ዜግነት በሚጠየቅበት ቀንም ይመለሳል። አባትየው በስልክ ሲነገረው «ማሳዬን ያከራየሁት ልጄ ቀና ብሎ እንዲሄድ ነው» አለ፤ በዚያ ተዘጋ።

ስለ ማሳ ኪራይ ካነሣሁ፣ ከሦስቱ ኪራይ ቤቶች ወደ መጀመሪያው ልመለስ። የእህቴ ልጅ ተከራይ የሆነው አሜሪካ ሲገባ አይደለም፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ነው። በምዕራብ ጎጃም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ነው፤ ሩቅ ያለ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ከተማ ቤት ይከራያል። እሑድ ከሰዓት በኋላ በማንኩሳም በጅጋም በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም የሚገቡትን መንገዶች ያየ ሰው ልጆቹን ያውቃቸዋል፤ ስንቃቸውን ተሸክመው፣ እንጀራው፣ በሶው፣ ዳቦ ቆሎው በጆንያና በአገልግል፣ ጫማቸውን እንዳያልቅ በእጃቸው ይዘው። የእሱ ቤት አራት ሆነው የሚያድሩባት አንዲት ክፍል ነበረች፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ፍራሽ፣ አንድ አምፖል። እንጀራው ሐሙስ ላይ ይሻግታል፤ ዐርብን በቆሎ ነው የሚያልፏት። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም። አከራይቷ ወላጆቹን አንድ ጊዜ አይታ «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ጠይቃ፣ አያቱን አውቃ ነው የተቀበለችው። ኪራዩ ሲዘገይ አባቱ ጭነት እንጨት ወይም ሁለት ቁና ጤፍ ይዞ ይመጣል። ልጁ በወባ ታሞ ሌሊት ሆስፒታል ያደረሰችውም እሷ ናት። ፍኖተ ሰላም ድሮ ወጀት ትባል ነበር፤ ከተማዋን ያሳደጓት ነጋዴውና ቢሮው ብቻ አይደሉም፤ እነዚያ ስንቅ ተሸካሚ ተከራዮችም ናቸው። ይህን የሚጽፍላቸው ስለሌለ እኔ እጽፈዋለሁ።

ሁለተኛው ቤት ሽሮ ሜዳ ነው፣ ለኤምባሲው ቅርብ ይሁን ብለን። አዲስ አበባ ለማያውቀው ሰው ቤት በቀላሉ አትሰጥም። ደላላ የሚያሳየን ሁሉ የሦስት ወር፣ አንዳንዱም የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል። አንዲት እናት፣ ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ክፍሎች የሚያከራዩ፣ የልጁን መታወቂያ ተቀብለው ጃቢ ጠህናን የሚለውን ለረዥም ጊዜ አዩትና «የሚያውቀው ሰው ካለ ዋስ ይጥራ» አሉን። እኔ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ፤ የእኔ ዋስነት አልበቃቸውም፤ እውነታቸውን ነው፣ ነገ ብጠፋ የት ያገኙኛል? በሩ ላይ ቆመን ስንነጋገር ከዳር ካለችው ክፍል አንድ ሎተሪ አዟሪ ወጣ፤ ቲኬቶቹን ደረቱ ላይ እንደያዘ። የደጋ ዳሞት ልጅ ነው። ልጁን አያውቀውም፤ ግን አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቀው፦ የየት ቀበሌ ነህ፣ ደብሩ የቱ ነው፣ ገበያችሁ መቼ ይውላል? ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ «እማማ፣ አገሩን አውቀዋለሁ፤ እኔ እዋሳለሁ» አለ። የሁለት ወር ከፍለን ገባ።

ለጥቂት ሳምንት ያሰብነው ኪራይ ረዘመ። በጤና ምርመራው የደረቱ ራጅ ላይ ጥላ ታየ። እንዲህ ሲሆን ሦስት ጠዋት አክታ ይሰጣል፤ በአጉሊ መነጽር ታይቶ ብቻ አይተውም፣ በላቦራቶሪ ይለማል፣ ለዚያም እስከ ሁለት ወር ይጠበቃል። ሕጉ ለሁሉም አገር ስደተኛ አንድ ነው። ልጁ ሳያስል፣ ሳይከሳ፣ እንደ ሕመምተኛ ቁጭ አለ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ይልቅ እኔን የጨነቀኝ ይህ ነበር፤ ምክንያቱም ቲቢ ተጠርጥሯል የተባለ ተከራይ ማታውኑ ዕቃውን ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ። ልጁ ግን ራሱ ሄዶ ነገራቸው። እማማ «ውጤቱ እስኪመጣ መስኮትህን ክፈት፣ ፀሐይ ሙቅ» አሉት፤ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ራሱ ስለነገራቸውም አመሰገኑት። በዚያው መሃል የሰኔ 15ቱ የባለሥልጣናት ግድያ መጣ። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለቀናት ጠፋ። እሱ ከሽሮ ሜዳ፣ እኔ ከባሕር ዳር፣ ወላጆቹ ከገጠር፣ አንዳችን ስለ ሌላችን እየፈራን ሰነበትን። ኢሜይል ይላክለት አይላክለት የምናይበት መንገድም አልነበረም። ነሐሴ ላይ ምርመራው ነጻ ሆኖ መጣ፤ ቪዛውም መዝጊያው ሳይደርስ ታተመ።

ይህን ሁሉ አብሬ ሳሳልፍ የተረዳሁት ነገር አለ። ወረቀት ቤት ይጠይቃል፤ ቤት ወረቀት ይጠይቃል፤ ሁለቱ ክብ ሆነው ሲዞሩ ማንም ከውጭ አይገባም። ክቡን የሚሰብረው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ቆሞ «አውቀዋለሁ» የሚል። የቡሬው ልጅ በደብተሩ፣ ሽማግሌው በችሎት፣ ሎተሪ አዟሪው በበር ላይ ያሉት ይህንኑ ነው። ማኅተሙ የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚያሳዝነኝ ሰው ወረቀት የጎደለው አይደለም፤ ወረቀት ይወጣል። የሚያሳዝነኝ ከአገሩ ተፈናቅሎ፣ የሚያውቁት ሁሉ ተበታትነውበት፣ «የማን ልጅ ነህ» ሲባል የሚመሰክርለት ያጣው ነው። ባለፉት ዓመታት እንዲህ ያለ ሰው በአገራችን በዝቷል። ቢሮዎቻችን ለእሱ የሚሆን መስኮት ሊከፍቱለት ይገባል፤ ሦስት ምስክር ከቀዬህ አምጣ ማለት ቀየው ለተቃጠለበት ሰው የማይፈጸም ትእዛዝ ነው።

ሦስተኛው ቤት ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሆነውን የማውቀው ማታ ማታ በስልክ እየነገረኝ ነው። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ በእጁ የነበረው የኤምባሲው የታሸገ ፖስታና የራጁ ሲዲ ነበር፤ ፖስታውን እንዳይከፍት ስለተነገረው ሌሊቱን ሙሉ አቅፎት ነው የበረረው። የተቀበለው የአባቱ ዘመድ፣ በአድራሻነት የሰጠንም የእሱን ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርዱም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱም በፖስታ ነው የሚመጡት። ነገር ግን የዘመዱ የቤት ውል በዚያው ሰሞን አልቆ ኪራዩ ስለተጨመረበት ወደ ሌላ አፓርትመንት ተዛወረ። ካርዶቹ ወደ አሮጌው አድራሻ ሄዱ።

ካርድ ከሌለ ሥራ የለም፤ ብዙ ቀጣሪ ሶሻሉን ሳያይ ሥራ አያስጀምርም። የሜሪላንድ መታወቂያ ለማውጣት በግዛቲቱ መኖርህን የሚያሳዩ ሁለት ወረቀቶች ያስፈልጋሉ፤ የኪራይ ውል፣ የመብራት ቢል፣ የባንክ ደብዳቤ። ቤት ለመከራየት ደግሞ አከራዩ ክሬዲትህን ያያል፤ ከ300 እስከ 850 በሚደርስ ነጥብ የሚለካ የብድርና የክፍያ ታሪክ ነው፤ አዲስ ገቢ ምንም ነጥብ የለውም። ብዙ አከራዮች የወር ገቢህ የኪራዩን ሦስት እጥፍ መሆኑን የሚያሳይ የደመወዝ ወረቀት ይጠይቃሉ። አንድ ክፍል ያለው አፓርትመንት በዚያን ጊዜ እዚያ ከ1,500 ዶላር በላይ ነበር። ልጁ ይህን ሲዘረዝርልኝ ድምፁ ውስጥ የሰማሁትን ድካም ሽሮ ሜዳ እንኳ አልሰማሁትም። «አጎቴ፣ እዚህ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም» አለኝ።

የጠየቀችው አንዲት የኤልሳልቫዶር ሴት ሆነች። በአሮጌው አፓርትመንት የዘመዱ የፎቅ ጎረቤት የነበረች ናት። አዲስ ተከራይ ስላልገባበት ፖስታ ሣጥኑ ሞልቶ ሲፈስ አይታ፣ ስሙን ባታውቀውም ወደ ፖስታ ቤት ከመመለሱ በፊት ሰብስባ አስቀምጣለች። ዘመዱን ገበያ ላይ አግኝታው «ያ ከአፍሪካ የመጣው ወጣት ያንተ ነው?» አለችው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተፈታ። ሶሻሉ ተገኘ፣ ዋሽንግተን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ሥራ ገባ፤ ከእሱ በፊት ስንቱ የአገራችን ልጅ የመጀመሪያ ደመወዙን ያገኘበት ሥራ ነው። ቤቱንም ያገኘው እንደ ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን ደጅ በሰማው ወሬ ነው፤ አንድ የሐበሻ ቤተሰብ ቤዝመንታቸውን ያከራያሉ። ዘመዱ አብሮ ፈረመለት፤ እነሱ «ኮሳይን» የሚሉት የእኛው ዋስነት ነው። አከራዮቹ የጠየቁት መያዣ የአንድ ወር ኪራይ ብቻ ነው፤ የሜሪላንድ ሕግ በዚያን ጊዜ እስከ ሁለት ወር ይፈቅድላቸው ነበር። ውሉ አሥራ ሁለት ወር፣ ዘጠኝ ገጽ ነው። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ እያነሣ ላከልኝ፤ ቁጭ ብለን ሳይፈርም መስመር በመስመር አነበብነው። የበረዶ መጥረግ የማን ኃላፊነት እንደሆነ ሳይቀር ተጽፏል።

አሁን አገራችንም ሕግ አላት። በመጋቢት 2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። ያ ሕግ ሽሮ ሜዳ በነበርንበት ዓመት ቢኖር ደላሎቹ የስድስት ወር አይጠይቁንም ነበር። እኔ የምደግፈው አዋጅ ነው፤ ስድስት ወር በአንድ ጊዜ የሚከፍል የገበሬ ልጅ የለምና። ግን ፍኖተ ሰላም ውስጥ አራት ሆነው የሚያድሩት ተማሪዎችስ? የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ውል አይፈርምም፤ ወላጁ ገጠር ነው፤ አከራይቷም ብትሆን የምታከራየው የቤቷን አንድ ጥግ ነው።

የእህቴ ልጅ ታናሽ እህት ትምህርቷ በአማራ ክልሉ ጦርነት ሁለት ዓመት ሙሉ ተቋርጦባት፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ዘጠነኛ ክፍል ገባች፤ ፍኖተ ሰላም ተከራይታለች። ለሴት ልጅ ነገሩ ይከብዳል፤ በር የሚዘጋ፣ መጸዳጃው ግቢ ውስጥ የሆነ፣ የሚያውቃት ሰው የሚኖርበት ቤት ያስፈልጋታል። ወንድሟ ከሲልቨር ስፕሪንግ ገንዘቡን ላከ፤ ውል ይጻፍልኝ ብሎም ለመነኝ። ሄድኩ። አከራይቷ መጀመሪያ ተቀየመች፤ «እኔን አላመናችሁም?» አለች። አምነንሻል፣ ግን ልጅቷ ብትታመም፣ ኪራይ ቢጨመር፣ አንቺም ብትዛወሪ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እንድናውቅ ነው አልኳት። እህቴ የአውራ ጣቷን አሻራ አኖረች፤ የዕድሩ ዳኛ በምስክርነት ፈረሙ። ኪራዩ እስከ ሰኔ 30 እንዳይጨመር ተስማማን፤ የመብራት ሒሳብ ግማሹን ተማሪዎቹ፣ ግማሹን አከራይቷ ይከፍላሉ፤ የውሃው ላይ ግን አልተስማማንም፣ ለመጋቢት ቀጠሮ ይዘናል።